ማሙሽ ግቢ ከመግባቱ በፊት

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽንስ ተሻለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማሙሽ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስለደረሰው እንኳን ደስ ያለሽ። ስንቅ ማዘጋጀት መጀመርሽን ሰምቼ ነው ፈጥኜ የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ወረቀቱ። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕትና የ12ኛ ውጤት፣ ሁሉም ከነኮፒው ይያዝ። ጉርድ ፎቶና የፋይዳ ቁጥሩም አይቅር። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስሙ በሁሉም ላይ አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል ያስተያይ፤ የአያት ስም ላይ አንዲት ፊደል ብትለይ ምዝገባው ላይ ያቆሙታል። የሚለይ ካለ ከመነሳቱ በፊት እዚያው ሞጣ የተማረበትን ትምህርት ቤት ይጠይቅ።

ለመኝታ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና አንድ ብርድ ልብስ ይበቃዋል። ባሕር ዳር እንደ እናንተ አገር አይበርድም፣ ጋቢው ይቅር። በጋቢው ቦታ አጎበር ያስገባ። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲቆም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ የምትበረታው ያን ጊዜ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው የዚያኑ ቀን ግቢው ክሊኒክ ሄዶ ደሙን ይታይ፤ ጓደኛው ያስተረፈውን ኪኒን እንዳይውጥ አደራ በይው። ለቁምሳጥኑ ጠንካራ ቁልፍ፣ ለሻወር ነጠላ ጫማም ያስፈልገዋል።

ስንቁን በተመለከተ፣ እማዬ፣ አትቆጪኝና ግማሹን ቀንሺው። ሽሮና ድርቆሽ አትላኪ፤ ዶርም ውስጥ ምድጃ ክልክል ነው። ደብቀው ሲሰኩት መስመሩ ስለማይችለው ይቃጠላል፣ ሕንፃው በሙሉ ይጨልማል። ጭኮም አይሆንም፤ ቅቤው በዚህ ሙቀት እየቆየ ሊሸት ይችላል። በሶ ሦስት ኪሎ ያህል ይበቃል፤ ገብሱ በደንብ ይቆላ፣ ለጋ ከሆነ እርጥበት ይስብና ይነቅዛል። ማር ከበሶው ጋር ሳይለወስ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ለብቻው ይሁን፤ ካልሆነ ጉንዳን ዶርሙን ይወርሰዋል። ዳቦ ቆሎው ቀዝቅዞ ሳያበቃ አይታሰር፣ ይሻግታል። ከሁሉም የሚጠቅመው ግን ደቁስ ነው። የካፌ ወጥ ቀጭን ነው፣ ደቁስ ያለው ልጅ ጓደኛ አያጣም።

ጣና ዳር ተቀምጦ ማጥናቱ መልካም ነው፤ ውኃው ውስጥ ግን እግሩንም አይንከር። ቢልሃርዝያ አለበት። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይቆይና በቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ለመያዝ የግድ መጠጣት የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሐኪም ይሁንልኝ ብለሽ ተስለሻል አሉ። ፍሬሽ (አዲስ ገቢ ተማሪ) ሁሉ መጀመሪያ የጋራ ኮርስ ነው የሚማረው፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ። የሚፈልገው ትምህርት ክፍል መግባት አለመግባቱ ላይ ደግሞ በዚህ ጊዜ የሚያመጣው ውጤት ትልቅ ድርሻ አለው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ኤ 4፣ ሲ 2፣ ኤፍ 0 ነጥብ ነው፣ ክሬዲት ደግሞ የኮርሱ ክብደት፤ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ኤ ሲያገኝ 3 በ4 ተባዝቶ 12፣ ሲ ሲያገኝ 3 በ2 ተባዝቶ 6 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 18፣ ለ6 ክሬዲት ሲካፈል 3.00። ከሲው ይልቅ ኤፍ ቢሆን ያው ኤ ይዞም ወደ 2.00 ይወርዳል። አንድ የወደቀ ኮርስ ብዙ ደህና ውጤት ይዞ ይወርዳል።

የሚወድቁትም ሰነፎች ብቻ አይደሉም። ሞጣ እያለ ፈተና ሲደርስ አጥንቶ ያልፍ ነበር፤ እዚህ ነጥቡ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በኩዊዝ (አጭር ፈተና)፣ በአሳይመንትና በሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ይለቀማል፣ ለፋይናል የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ ግማሹ ነው። ሲኒየሮች የድሮ ፈተና ይሰጡታል፤ መለማመጃ ያድርገው እንጂ እሱን ብቻ ይዞ አይግባ። መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲፈጥን ግራ ይገባዋል፣ ይህ የሁሉም ነው። መድኃኒቱ ከክፍል በፊት ማታ የነገውን ሞጁል አምስት ስድስት ገጽ አንብቦ ያላወቃቸውን ቃላት ማውጣት ነው። ያኔ ክፍል ውስጥ አዲስ የሚሆንበት ሐሳቡ ብቻ ነው፣ ቃሉ አይደለም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሴሚስተር ለሰርግም ለተዝካርም አትጥሩት። ሞጣ ደርሶ እስኪመለስ ቢያንስ ሦስት ቀን ይበላል፣ ያመለጠውን ኩዊዝም ብዙ መምህር ደግሞ አይፈትንም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደውሎ «ልመለስ» ሊልሽ ይችላል፤ የመጀመሪያው ሚድ እስኪያልፍ አብዛኛው ልጅ እንዲህ ነው። «ና» አትበይው። «በላህ ወይ?» ብቻ ብለሽም አትዝጊው፤ «የትኛው ኮርስ ከበደህ?» በይው፣ መልሱን ለእኔ ንገሪኝ።

ገንዘቡን በአንዴ አትስጪው፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ በቴሌብር ይላክለት። የመጀመሪያ ወር ብር በጫማና በግብዣ ነው የሚያልቀው። የወጪ መጋራት ውል ሲፈርም ደግሞ አትደንግጪ፣ ክፍያው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው።

ጥሪው የትኛውን ግቢ እንደሚል አንብቡት። ፔዳና ፖሊ ከተማው ውስጥ ናቸው፣ ዘንዘልማ ግን ከአባይ ድልድይ ማዶ በጎንደር መንገድ ነው። በጠዋቱ መኪና ይሳፈር፣ ከሰዓት ዶርም ይዞ ያድራል። ሲነሳ ደውሉልኝ፣ መነኻሪያ እቀበለዋለሁ።

ልጅሽ