ከአራሱ ወንድምህ

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፤ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሴት ልጅ መውለዳችሁን ከእህትህ ሰማሁ። ለባለቤትህ እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ልጃችንን ላሳድግ ስድስት ወር ቤት እውላለሁ ስልህ፣ «ታዲያ አራሱ አንተ ነህ? ገንፎ እንላክልህ?» ብለህ ሳቅህ። አብሬህ ሳቅሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቂም ያዝኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ የቆረቆረኝ ቀልድህ አልነበረም፤ እኔው ራሴ አፍሬ ነበር። ለእናቴ እንኳን «የዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ» እያልኩ ስድስት ወር ዋሽቻታለሁ። ስድስት ወር የሚዘልቅ የዓመት ፈቃድ የት አገር አለ?

እዚህ ስዊድን፣ ስቶክሆልም የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ወንድ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ለአንድ ልጅ 480 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ ውስጥ 90ው የእናት፣ 90ው የአባት ድርሻ ስለሆነ ለሌላው አይተላለፍም። ካልወሰድከው ይቃጠላል። እኔ ይህ ነገር ከጥንት ከባሕላቸው የመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሕጉ እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1974 ሲወጣ ወንዶቹ ከፈቃዱ 1 በመቶውን እንኳ አልወሰዱም! ደፍሮ የወሰደውን ደግሞ «የከፋይ አባት» እያሉ ያሾፉበት ነበር፤ ጨርቁን ማለቴ ነው፣ ግብር ከፋዩን አይደለም። መንግሥት ቢቸግረው አንድ ግዙፍ ክብደት አንሺ ሕፃን አቅፎ የተነሳውን ፎቶግራፍ ፖስተር አድርጎ ለጠፈ። ለአባት ብቻ የሚሆን ወር በሕግ የተለየው ግን ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1995 ነው። ስለዚህ የእነሱም ወንዶች እንደ አንተ ስቀዋል።

ደግሞስ ባሕር መሻገር ምን አስፈለገኝ? ሥራ የወንድ የሴት ተብሎ የማይለይባት መንደር፣ አውራ አምባ ሄደን ወንዱ ጥጥ ሲፈትል አይተን፣ እስከ ባሕር ዳር መኪናው ውስጥ ስንስቅ አልተመለስንም?

አንድ ቀን እናቴ ለሚስቴ የላከችውን አንቀልባ አውጥቼ ልጁን አዘልኩት። ጠፍሩን ደረቴ ላይ አጥብቄ፣ ዛጎሉ እየተንኳኳ፣ ወላጆች ከነልጆቻቸው ወደሚውሉበት አዳራሽ ገባሁ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የነበሩት አባቶች ከበቡኝ። አንዱ ጢማም ቆዳውን አሸተተው፤ ሌላው የራሱን ልጅ ጀርባው ላይ አሳስሮ አዳራሹን ሁለት ጊዜ ዞረ። የት እንደሚገዛ ጠየቁኝ። ጢማሙ ግን «በአገርህ ወንዶች ሁሉ እንዲህ ያዝላሉ?» ሲለኝ፣ ልጁ የራበው አስመስዬ ጡጦ ፍለጋ ወደ ቦርሳዬ ጎነበስኩ።

አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንክ ሚስትህ ስትወልድ ከነደመወዝህ 10 ቀን ፈቃድ አለህ። በግል ድርጅት ቢሆን ኖሮ 3 ብቻ ነበር። ቢሮ ስትመላለስ እንዳታቃጥለው። የእኛ ልጅ አሁን አድጎ መታዘል እምቢ ብሏል፤ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሳገኝ አንቀልባውን እልካለሁ። ለባለቤትህ ሳይሆን ለአንተ ነው።

አራሱ ወንድምህ