ለአባቴ፦ ስለ ጫማ ሠሪው ኦኒትሱካ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ለመስቀል ሜንዲዳ በመጣሁ ጊዜ በጫማዬ ጎን የተጠላለፉትን መስመሮች አይተው «ይህ ደግሞ የማን ሥራ ነው?» ሲሉኝ፣ አሲክስ የሚባል የጃፓን ድርጅት ነው ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ወደ ደብረ ብርሃን ከተመለስሁ በኋላ ስለ መሥራቹ አነበብሁ፤ ነገሩ ከእኛው ከጃቶ ልጅ ከአበበ ቢቂላ ጋር የሚያገናኝ ሆኖ ስላገኘሁት እጽፍልዎታለሁ።

ሰውዬው ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ቶቶሪ ውስጥ ተወለደ። ኦኒትሱካ ግን የአባቱ ስም አይደለም። የጦር ጓደኛው ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስትን አደራ ሰጥቶት ወደ ግንባር ሄዶ በዚያው ስለ ቀረ፣ ከጦርነቱ በኋላ ኮቤ ገብቶ ጦራቸው፤ ልጃቸውም ሆኖ ስማቸውን ወሰደ። እርስዎ የጡት ልጅን ነገር ስለሚያውቁ ይህንን አስቀደምሁት።

በ1949 ሥራ ፈትተው የሚንከራተቱ ወጣቶችን በስፖርት አቀናለሁ ብሎ ድርጅቱን ሲያቋቁም ስለ ጫማ አንዳች አያውቅም ነበር። የቅርጫት ኳስ ጫማው እያንሸራተተ ሲያስቸግረው፣ እናቱ ባቀረቡለት ምግብ ውስጥ ኦክቶፐስ የሚባለው ባለ ስምንት እጅ የባሕር እንስሳ ቁራጭ ከሳህኑ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለው፤ የሶሉን ሥርም እንደዚያው አጎድጉዶ ሠራው። የማራቶን ሯጮች እግር ውኃ የሚቋጥረው ከሙቀት የተነሣ መሆኑን ከሐኪም በተረዳ ጊዜ ደግሞ፣ የሞተር ብስክሌት ሞተር በነፋስ እንደሚቀዘቅዝ አስቦ ጫማው ላይ የአየር ቀዳዳ አወጣለት።

አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ በኋላ በ1961 ለማራቶን ወደ ጃፓን ሲሄድ፣ ኦኒትሱካ ራሱ ማረፊያው ድረስ ሄዶ ጫማ እንዲያደርግ ለመነው። አበበ አያስፈልገኝም ቢለውም፣ መንገዱ ላይ የብርጭቆ ስባሪ አለ ብሎ አሳመነው፤ አበበም በዚያ ጫማ ኦሳካ ላይ ሮጦ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ያደረገው ግን የጀርመኑን የፑማን ጫማ መሆኑን ሳስብ፣ ያን ያህል ደጅ ለጠናው ሰው አዝንለታለሁ። ያም ሆኖ ድርጅቱ አድጎ በ1977 ከሌሎች ሁለት ጋር ሲዋሐድ አሲክስ ተባለ፤ እርሱም እስከ 2007 በሕይወት ኖረ።

አባቴ ሆይ፣ አምና የላክሁልዎትን ጫማ ሣጥን ውስጥ እንዳስቀመጡት እኅቴ ነግራኛለች። ጥፋቱ በግምት የገዛሁት የእኔ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም እግርዎን ወረቀት ላይ አቁመው በእርሳስ ዙሪያውን ታስምርልዎ፤ በሬው የረገጠው የቀኝ አውራ ጣትዎ እንዳበጠ ስለ ቀረ አንዱ ብቻ አይበቃም። እግር ማታ ላይ ሰፋ ስለሚል ከእራት በኋላ ቢሆን ይሻላል። ወረቀቱን በገበያ ቀን ወደዚህ በሚመጣ ሰው ይላኩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ