እድራችን በሕይወት ሳለንም ይድረስልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በየክረምቱ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲያድሱ በጋዜጣችሁ አነባለሁ። ደስ ይለኛል። እኔ ግን ስለ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ልጽፍ ነው። የእኛ ችግር የቤት እድሳት ሳይሆን አለመተዋወቅ ነው።

ኮንዶሚኒየም በዕጣ ነው የደረሰን። አንዱ ከልደታ፣ ሌላው ከአራት ኪሎ፣ ሌላው ከጉለሌ መጥቶ በአንድ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ብዙዎቻችን የድሮ ሰፈራችንን እድር አልለቀቅንም። ለቅሶ ሲኖር ታክሲ ተሳፍረን እዚያው እንሄዳለን። በር ለበር የምንኖረውን ሰው ግን ስሙን እንኳ አናውቅም።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ የምኖረው ጀሞ ነው። እሁድ ጠዋት ብሎካችን ሥር ጠረጴዛ አውጥቼ የጎረቤቶቼን የደም ግፊት በነፃ እለካለሁ። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖበት ምንም ሳያመው የሚኖር ሰው ሞልቷል። ከፍ ያለበትን ሌላ ቀን ደግሜ እለካውና ጤና ጣቢያ እልከዋለሁ።

ቡና የጠጣ ሰው ከመለካቱ በፊት ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት። እሁድ ጠዋት ደግሞ ቡና ያልቀመሰ ማን አለ? ስለዚህ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ጨዋታው የመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ስለ ውሃ መጥፋት አወሩ። ቀጥሎ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ድሮ ሰፈር። አሁን ተለክተው ጨርሰውም አይነሱም።

አራተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ አባት አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሕንፃው ሊፍት የለውም። የግፊት መድኃኒታቸው ማለቁን የሰማሁት ከሥራቸው የምትኖር አንዲት እናት ተራ ስትጠብቅ ስላነሳችው ነው። መሣሪያዬን ይዤ ወጣሁ። ዛሬ ፊት ለፊታቸው ያለው ተማሪ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ደግፎ ያወርዳቸዋል፤ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ያወጣላቸዋል። ለካ እሳቸው የሒሳብ መምህር ኖረዋል! ማታ ማታ ታናሽ እህቱን ያስጠኗታል። ልጅቷ «ጋሼ» እያለች በራቸውን ስታንኳኳ መስማት እንዴት ደስ እንደሚል።

እድር ይህን ሥራ ያውቀዋል። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ቤቱን ሁሉ ሲያንኳኳ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቀብር ማስፈጸም ብቻ አይበቃም ብለው በሽተኛ ማስታመምና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት የጀመሩ እድሮች ነበሩ። ያኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የእድር ሴቶች አልጋ ላይ የዋለ ጎረቤታቸውን ገላ ሲያጥቡና አጥሚት ሲያጠጡ አይቻለሁ። ብዙ ሰው የታመመ ሰው ለመንካት በሚፈራበት ጊዜ ማለት ነው።

ስለዚህ የየሳይቱ የቤት ባለቤቶች ማኅበራትና እድሮች አንድ ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። የጋራ መገልገያ ቤቱ ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ አይከፈት፤ እሁድ ጠዋትም ቁልፉን ስጡን። ዝናብ ሲመጣ ጠረጴዛዬን የማወጣበት ቦታ የለኝም። የክረምት በጎ ፈቃደኞችም መስከረም ሲጠባ አይበተኑ፤ በየብሎኩ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን እየዞሩ ይጠይቁ።

ጡረታ የወጣችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እናንተም በየሳይታችሁ ጀምሩ። መለኪያው በእድሩ ገንዘብ የሚገዛ ከሆነ ሰፊ የክንድ ማሰሪያ አብሮ እንዲገዛ አስታውሱ። ጠባቡ ወፍራም ክንድ ላይ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ሰው ያለ በሽታው ይደነግጣል።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ ነርስ፣ ከጀሞ፣ አዲስ አበባ