የጠጣነው ውኃ ምርመራ ውጤት ለምን ይደበቅብናል?

ለከተማው ሕዝብ ጤና ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድሁት በቢሮዎ ያሉትን በሮች ሁሉ አንኳኩቼ የሚከፍትልኝ በማጣቴ ነው። ማመልከቻዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ቅጂም በእጄ ይገኛል። ቅሬታ ሰሚው ክፍል ጉዳዩ በሂደት ላይ መሆኑን ነግሮኛል፤ ሂደቱ የት እንደደረሰ በጠየቅሁ ጊዜ ግን ፋይሉ ወደ ሌላ ክፍል መመራቱን እንጂ ሌላ ነገር አልሰማሁም። የጠየቅሁት ካሳ አይደለም፤ ሠራተኛ ይቀጣልኝ ብዬም አላመለከትሁም። የጠየቅሁት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ይኸውም የቢሮዎ ባለሙያ ከመኖሪያ ቤታችን ቧንቧ ቀድቶ የወሰደው የውኃ ናሙና የላቦራቶሪ ውጤት ነው።

በሰፈራችን ውኃ ለቀናት ተቋርጦ ቆይቶ ሲመለስ ደፍርሶና ሽታው ተለውጦ መጣ። ሳምንት ሳይሞላ በአንድ መስመር በምንጠቀም ቤቶች ውስጥ በመጀመሪያ ሕፃናት፣ ቀጥሎም አዋቂዎች በተቅማጥና በትውከት ወደቁ። የእኔዋ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት አድራ፣ ሐኪም ቤት ስናደርሳት ዐይኖቿ ጎድጉደው፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ስታለቅስ እንባ የማይወጣት ሆና ነበር። ግሉኮስ ተተክሎላት ተረፈች። ግድግዳ የምንጋራቸው አዛውንት ጎረቤታችን ግን ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ዐረፉ።

ባለሙያዎ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንደነበረ ልመሰክርለት እወዳለሁ። የቧንቧውን አፍ በአልኮል ጠርጎ፣ ውኃውን ለጥቂት ጊዜ አፍስሶ፣ በታሸገ ንጹሕ ጠርሙስ ቀዳና በረዶ ባለበት ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያም አንዲት ትንሽ ብልቃጥ በውኃው ሞልቶ ክኒን ጨመረባት፤ ተሕዋስያንን የሚገድለው ክሎሪን ካለ ውኃው ወደ ሮዝ መለወጥ እንዳለበትም ዙሪያውን ለቆምነው አስረዳን። ውኃው አልተለወጠም። ብልቃጧን አጥቦ በሌላ ክኒን ደገመው፤ አሁንም አልተለወጠም። ወደ ብርሃን አንሥቶ ተመለከታት፤ በቅጹ ላይ ጻፈ፤ ውኃውን አፍልተን እንድንጠጣ መከረን፤ የጠርሙሱን ውጤት ከቢሮ መውሰድ እንደምንችል ነግሮንም ሄደ። ቢሮዎ ግን ውጤቱ ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የሚውል በመሆኑ ለነዋሪ እንደማይሰጥ አሳወቀን።

ክቡርነትዎ ይህ ምርመራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ውኃ በሰው ወይም በእንስሳት ዓይነ ምድር መበከሉን የሚያሳየው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ማሞቂያ ውስጥ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታወቃል። ስለዚህ ባለሙያው ናሙናውን በወሰደ በማግስቱ ወይም ቢዘገይ በሁለተኛው ቀን ውጤቱ በቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ ነበር። መለኪያውም አያከራክርም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው በየትኛውም 100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ መገኘት የለበትም፤ ውኃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስም በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን ሊኖረው ይገባል። ከቧንቧችን የተቀዳው ውኃ በዐይናችን ፊት ምንም ቀለም አላሳየም። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረውን የምታውቁት ግን እናንተ ብቻ ናችሁ።

ለምን እንደተበከለም መገመት ለባለሙያ ከባድ አይደለም። ግፊት ያለው መስመር ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ ውኃ ወደ ውጭ ያፈስሳል እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አያስገባም። ውኃው ሲቋረጥና ግፊቱ ሲጠፋ ግን መስመሩ ከዙሪያው ያለውን ይስባል፤ በአቅራቢያው የሚያልፍ የፍሳሽ መስመር የሚያንጠባጥብ ከሆነ የሚስበው ፍሳሹን ነው። ውኃው ሲለቀቅ ይህ ሁሉ ተገፍቶ መጀመሪያ ወደ ከፈተው ቤት ይገባል። ድፍርሱም ክሎሪኑን ይበላዋል፤ ተሕዋስያኑንም ከክሎሪኑ ይከልላቸዋል። ውኃን በፈረቃ የሚያድል ማንኛውም ተቋም ይህን አደጋ አውቆ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ረጅም መቋረጥ በኋላ ነዋሪውን የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት። ለእኛ የደረሰን ማስጠንቀቂያ የለም።

ከቢሮዎ በቃል የተሰጠኝ አንዱ ምክንያት ሕዝቡ እንዳይደናገጥ የሚል ነበር። ክቡርነትዎ፣ ዝምታው በሰፈራችን ያመጣውን ልንገርዎ። ልጃቸው ቀድሞ የታመመባቸው አንድ ቤተሰብ አሉ፤ ኑሯቸው ዝቅተኛ ነው፤ ወደ ሰፈሩ የመጡትም በቅርቡ ነው። ምክንያቱን የሚነግረን አካል ስለጠፋ ሰዉ ምክንያት ፈለገና እነርሱ ላይ አረፈ። በሽታውን ያመጡት እነርሱ ናቸው ተባለ፤ ልጆቻቸው ከሌሎች ልጆች ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከሉ፤ እናቲቱ ከጋራው ቧንቧ ለመቅዳት ስትመጣ ሰው ጀሪካኑን እያነሣ ይሸሻት ጀመር። ያንኑ ቧንቧ ግን ሁላችንም እንጠጣበት ነበር። የተፈራው ድንጋጤ አልቀረም፤ አቅጣጫውን ሳተና ከሁሉ ይልቅ ራሷን መከላከል በማትችል ሴት ላይ ወደቀ። እናንተ አንድ ገጽ ወረቀት ብትለጥፉ ኖሮ ሰዉ ከጎረቤቱ መሸሹን ትቶ ውኃውን ያፈላ ነበር። ይህን በደል ቢሮዎ በእጁ አልፈጸመውም፤ ሊያስቀረው ሲችል ግን ዝም ብሏል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝም ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት አንድ ናሙና ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም የሚል ነው። አንድ ናሙና የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ እስማማለሁ፤ ደግሞ መመርመርም ትክክል ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው በመጀመሪያው ጥርጣሬ ነው፤ የሚነሣው ደግሞ ተከታታይ ናሙናዎች ንጹሕ መሆናቸው ሲረጋገጥ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ርግጠኛ እስኪሆኑ ድረስ ዝም ማለት የጥርጣሬውን ዋጋ በጠጪው ላይ መጫን ነው።

በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት ዎከርተን በተባለች አነስተኛ ከተማ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 የሆነውን በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እርስዎም እንደሚያውቁት አልጠራጠርም። ከባድ ዝናብ የከብት እበት አጥቦ ወደ አንዱ የውኃ ጉድጓድ አስገባ፤ ክሎሪኑም በአግባቡ አይጨመርም ነበር። ላቦራቶሪው ናሙናዎቹ መበከላቸውን በግንቦት 17 ለውኃ አገልግሎቱ አሳወቀ። የአገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ ውጤቱን ይዞ ዝም አለ። የጤና ቢሮው ሰዎች ሕፃናት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ እየታመሙ መሆኑን ሰምተው ደውለው ሲጠይቁትም ውኃው ደኅና ነው ብሎ መለሰላቸው። የጤና ቢሮው የራሱ ናሙና ውጤት እስኪመጣ ሳይጠብቅ በግንቦት 21 ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚል ማስጠንቀቂያ በራሱ ውሳኔ አወጣ። 7 ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,300 የሚበልጡ ታመሙ፤ ኩላሊታቸው የተጎዳ ሕፃናትም ነበሩ። ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ዴኒስ ኦኮነር ሥራ አስኪያጁ የጤና ቢሮው በግንቦት 19 በጠየቀው ጊዜ እውነቱን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ከ300 እስከ 400 ሰዎች ከመታመም ይድኑ እንደነበር በሪፖርታቸው አስፍረዋል። የሁለት ቀን ዝምታ ያስከተለው ጉዳት ይህን ያህል ነው። የእናንተ ዝምታ ከሁለት ቀን እጅግ በልጧል፤ ያስከተለውን ጉዳት የቆጠረ ግን የለም።

ክቡርነትዎ የሚመሩት ሙያ የተመሠረተው መረጃን በመስጠትና በመቀበል ላይ መሆኑንም ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ብሮድ ስትሪት አካባቢ ኮሌራ ሲነሣ ሐኪሙ ጆን ስኖው ወደ ሞት መዝገብ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ በዚያ ሳምንት በአካባቢው በኮሌራ የሞቱትን ሰዎች ዝርዝር ጠየቀ፤ ተሰጠውም። በዝርዝሩ የነበሩት 89 ሞቶች ናቸው። አድራሻቸውን ይዞ በየቤቱ እየዞረ ከየት ይቀዱ እንደነበር ጠየቀ፤ አብዛኞቹም ከአንዲት የእጅ ፓምፕ አጠገብ የሚኖሩ ሆነው አገኛቸው። የፓምፗም እጀታ እንዲነቀል አስደረገ። ኮሌራን የሚያመጣው ባክቴሪያ ያን ጊዜ በሐኪሞች ዘንድ አልታወቀም ነበር፤ ስኖው በእጁ የነበረው የስምና የአድራሻ ዝርዝር ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ዝርዝሩ ለውስጥ አገልግሎት ነው ብሎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ኤፒዲሚዮሎጂ የምንለው፣ የበሽታን መነሻና ሥርጭት የሚያጠናው ትምህርት አንዱን መሠረቱን ባጣ ነበር።

በሰፈራችን የነበረው ኮሌራ ነው ብዬ አልከስስም። ምን እንደነበረ ሊነግረን የሚችለው ቢሮዎ ነውና። ነገር ግን ኮሌራ ሊሆን ይችላል ተብሎ በተጠረጠረበት ቦታ ሁሉ ሰዓታት ምን ያህል እንደሚከብዱ ያውቃሉ። በሽታው ተሕዋሱ ወደ ሰውነት ከገባ ከ12 ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፤ በጽኑ የታመመ ሰው ሕክምና ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ በጊዜው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ካገኘ ግን የሚሞተው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በነዚህ ሁለት ዕጣዎች መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው አስቀድሞ በማወቁና ባለማወቁ ላይ የቆመ ነው። ጎረቤታችን ቀላል የሆድ ሕመም መስሏቸው ሲነጋ ይሻለኛል ብለው ተኙ። በአካባቢው አደገኛ ተቅማጥ መነሣቱ ተነግሯቸው ቢሆን ኖሮ ልጆቻቸው በሌሊት ተሸክመውም ቢሆን ይወስዷቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ አንድ መንግሥት ዓለም አቀፍ ሥጋት ሊሆን የሚችል የጤና ክስተትን በገመገመ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። መንግሥታት ይህን ግዴታ የተቀበሉት በሽታ ተደብቆ እንደማይቀር፣ ሲደበቅም እንደሚሰፋ ከብዙ ወረርሽኝ ስለተማሩ ነው። ጄኔቫ ላለ ድርጅት በአንድ ቀን መድረስ ያለበት የመረጃ ዓይነት ከቧንቧው ሥር ጀሪካን ይዛ ለቆመችው እናት ጨርሶ አይድረስ የሚል ሕግ የትም የለም። ካለም አንቀጹን ይጥቀሱልኝ፤ ቢሮዎ እስካሁን አልጠቀሰልኝም።

ክቡር ኃላፊ፣ ጉዳዩ ያለፈ ነገር አይደለም። ይህን ደብዳቤ በምጽፍበት ሳምንትም ውኃው ተቋርጦ ተመልሷል፤ እንደ በፊቱም ደፍርሶ ነበር። ነዳጅ ለመግዛት የሚችለው ያፈላል፤ የማይችለው ለጥቂት ሰዓት አጥልሎ ይጠጣል፤ ማጥለል ደግሞ ድፍርሱን እንጂ ተሕዋሱን እንደማያስቀር ያውቃሉ። ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ከቤታችን ቧንቧ የተወሰደው ናሙና ውጤት ቀኑና ቁጥሩ ሳይጎድል በጽሑፍ ይሰጠን፤ በጋራው ቧንቧ አጠገብም ይለጠፍ። መስመሩ ተፈትሾ ከሆነ ቀዳዳው የት እንደተገኘ፣ ካልተፈተሸም መቼ እንደሚፈተሽ ይነገረን። ከእንግዲህም ውኃ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር ክሎሪኑ ተለክቶ ልኬቱ በዚያው ቀን ለነዋሪው ይገለጽ፤ ባለሙያዎ በደጃችን ቆሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊለካው እንደሚችል አይተናል። ልጃቸው ቀድሞ በመታመሙ ለተገለሉት ቤተሰብ ደግሞ የበሽታው ምክንያት ምን እንደነበረ ከቢሮዎ የሚሄድ ሰው በሰፈሩ ስብሰባ ላይ፣ እነርሱም ባሉበት፣ በግልጽ ይናገር።

መልስዎ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። የደረሰኝን መልስ ይህ ደብዳቤ በወጣበት ቦታ ሁሉ አወጣዋለሁ፤ ውጤቱን መከልከልዎን ከቀጠሉም የክልከላውን ምክንያትና የፈረመውን ሰው ኃላፊነት ጠቅሰው ይጻፉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
በመስመሩ ከሚጠቀሙት ነዋሪዎች አንዷ