የተመልካች ትምህርት፦ ለፊዚክስ መምህራን

ውድ የጎንደር ባልደረቦች፣

በልዩ አንጻራዊነት (ጊዜና ርቀት በተለካበት እንቅስቃሴ እንደሚለያዩ በሚያስረዳው የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ) ተመልካች ማለት ቆሞ የሚያይ ሰው እንዳልሆነ ከስሌቱ በፊት አስጨብጡ። በየቦታው ሰዓት የተተከለበት፣ ሰዓቶቹም እኩል የተሞሉበት ሙሉ ማዕቀፍ (ቦታና ጊዜ የሚለካበት ሥርዓት) ነው። የክስተቱን ጊዜ የሚናገረው ክስተቱ አጠገብ ያለው ሰዓት ብቻ ነው።

ሰሌዳ ላይ አንድ ሰዓት ፒያሳ፣ ሌላውን ወደ አዘዞ በኩል በቀጥታ 3 ኪሎ ሜትር አርቃችሁ ሣሉ። የሩቁ 10 ማይክሮ ሴኮንድ ላይ ተሞልቶ ይጠብቅ፤ ከፒያሳ በ0 የተለቀቀው ብርሃን ሲደርሰው ይነሳ። አሁን እዚያ ሩቅ ቦታ በ50 ማይክሮ ሴኮንድ አምፖል ቢበራ ፒያሳ ያለች ልጅ የምታየው በ60 ነው። «መቼ በራ?» በሏቸው። 60 ያለ ተማሪ ማየትን ከመለካት ጋር ቀላቅሏል፤ እንዲህ ያለው በኋላ የጊዜ መለጠጥንም (የሚንቀሳቀስ ሰዓት ዘግይቶ መቁጠሩን) የብርሃን መዘግየት ያመጣው የዓይን ማታለል ያደርገዋል። መዘግየቱ ተቀንሶ ካለቀ በኋላም ልዩነቱ እንዳለ አሳዩት።

ከዚያ ወደ ባቡሩ እለፉ (ከተማችን ባቡር ባይኖራትም)። በ0.6 የብርሃን ፍጥነት በሚሄድ 300 ሜትር ባቡር ላይ ለተሳፋሪዎቹ እኩል የሆኑት የፊትና የኋላ ሰዓቶች፣ በመሬቱ ማዕቀፍ በ0.6 ማይክሮ ሴኮንድ ይለያያሉ፤ የሚቀድመው የኋላው ነው። 300ው በባቡሩ በራሱ ማዕቀፍ የተለካ ነው፤ ከመሬት ሲለካ የተኮማተረውን 240 ሜትር ያስገባ ተማሪ መልሱ ይበላሽበታል።