ለደንበኞቻችን፦ የዋሽንግተን መንገድ መሄጃው ለምን ይረዝማል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ቲኬት ከቆረጣችሁ በኋላ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ፦ «ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን መሄጃው 10 ሰዓት፣ መመለሻው 20 ሰዓት እንዴት ይሆናል?» ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚረዝመው መሄጃው ነው።

ቲኬት ላይ የሚታተመው የየከተማው ሰዓት ነው። እናታችሁ በሐምሌ ከቦሌ 22:30፣ በእኛ ከምሽቱ 4:30 ተነሥተው በማግስቱ ጠዋት በዋሽንግተን ሰዓት 8:30 ዳላስ (የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ) ደረሱ እንበል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ከቀኑ 9:30 ሆኗል፤ መንገድ ላይ አርፈው የቆዩበትን ጨምሮ 17 ሰዓት ተጉዘዋል። ሲመለሱ በዋሽንግተን ሰዓት 11:00 ተነሥተው በማግስቱ 7:00፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቦሌ ቢደርሱ፣ የተጓዙት 13 ሰዓት ብቻ ነው። በመካከል ያለችው 7 ሰዓት የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ናት። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ መጋቢት መጀመሪያ 8 ትሆናለች።

ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ ያው ነው፤ በቀጥታ ቢለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል። ልዩነቱ ከቦሌ ይጀምራል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም ቆላ ላይ ያላቸውን ጉልበት አያገኙም። ሰው፣ ሻንጣና (በርበሬና ሽሮውን ጨምሮ) እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅ አንድ ላይ ተጭኖ መነሣት ይከብዳል። ስለዚህ በረራው መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ እንደ ዘመኑ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ሲያርፍ ኖሯል። ዳላስ ግን ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ሲመለስ ታንኩን ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል። በዚያ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ሲሄዱ ከፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

ለአረጋውያን ወላጆቻችሁ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊቀዳ ሲያርፍ «ደረስን» ብለው ሻንጣ ለማውረድ የሚነሡ አሉ።

አንድ ጥፋታችንንም እንናገር። ወደ አውሮፓ የሚሄዱ አንድ ደንበኛችን ቲኬታቸው «ማክሰኞ 00:15» ይል ነበር። ከሌሊቱ 6:15 መሆኑን ነግረናቸዋል፤ በእኛ አነጋገር ያ የሰኞ ሌሊት መሆኑን ግን አላስረዳናቸውም። ማክሰኞ ማታ ቦሌ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነበር። ቀን በእኛ ዘንድ ሲነጋ፣ በእነሱ እኩለ ሌሊት ላይ እንደሚለወጥ እያወቅን ዝም ማለት አልነበረብንም።

ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ ቲኬት ጋር በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ እንሰጣለን፤ ቦሌ የምትገኙበት ቀንና ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ ትክክለኛው የበረራ ርዝመት፣ ማረፊያ ካለም የት እንደሆነ ይሰፍርበታል። ቀደም ብላችሁ የቆረጣችሁም ቲኬታችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ ያለ ክፍያ እንጽፍላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ወኪላችሁ