ኦፕሬተርን ከኦብጀክት ነጥሎ ማስተማር ይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ለፕሮግራሚንግ ጀማሪዎች ባቀረበው ጽሑፍ ጃቫ የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ኦፕሬተሮች (የስሌትና የማወዳደሪያ ምልክቶች) በሠንጠረዥ ደርድሮ፣ በየምልክቱ ትይዩ አጭር ፍቺ አስፍሯል፤ + ይደምራል፣ / ያካፍላል፣ % ቀሪን ይሰጣል፣ == እኩልነትን ይፈትሻል ይላል። እንዲህ ያለ ትምህርት በአማርኛ መቅረቡ የሚያስመሰግን ነው፤ ተቃውሞዬም ከሠንጠረዡ አንድ መስመር ጋር ሳይሆን ከአቀራረቡ ጋር ነው። በብዙ ኮሌጆቻችንና በአጫጭር ሥልጠናዎችም የሚታየው ልማድ ይኸው ነውና፦ ኦፕሬተሮች በትምህርቱ መጀመሪያ ላይ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ይሸመደዳሉ፣ ክላስ (የአንድ ዓይነት ነገሮች ንድፍ) እና ኦብጀክት (በዚያ ንድፍ የተሠራው ነገር) ከብዙ ጊዜ በኋላ ይመጣሉ፣ ከዚያም ሁለቱ ትምህርቶች ሳይገናኙ ሴሚስተሩ ያልቃል። በኦብጀክት ላይ በተመሠረተ ቋንቋ ግን አንድ ኦፕሬተር የሚሠራውን ሥራ የሚወስነው ምልክቱ ብቻውን አይደለም፤ በግራውና በቀኙ የተቀመጡት ነገሮች ዓይነት ጭምር ነው። ተማሪው «ይህ ምልክት ምን ያደርጋል?» ከማለቱ በፊት «በሁለቱ ወገን ያሉት ምንድን ናቸው?» ብሎ መጠየቅን ካልለመደ፣ ሠንጠረዡን በቃሉ ቢወጣውም እንኳ ፕሮግራሙ ለምን እንደተሳሳተ ሊያውቅ አይችልም።

ከቀላሉ ልጀምር። በጃቫ 7 + 5 ሲባል 12 ይገኛል። ከፊቱ በጥቅስ ምልክት የታጠረ ጽሑፍ አስቀምጠን «ዋጋ» + 7 + 5 ብንል ግን ውጤቱ «ዋጋ75» ነው፤ ቅደም ተከተሉን አዙረን 7 + 5 + «ብር» ብንል ደግሞ «12ብር» እናገኛለን። ቋንቋው ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ በእያንዳንዱ + ዙሪያ ያለውን ይመለከታል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ከሆኑ ይደምራል፣ አንዱ እንኳ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ከሆነ ሌላውን ወደ ጽሑፍ ለውጦ ያያይዛቸዋል። በነጠላ ጥቅስ የታጠረ አንድ ፊደል ደግሞ ሦስተኛ ጠባይ አለው። የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 ለየፊደሉ ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ሲገቡ ለ«ሀ» የተሰጠው ቁጥር 4608 ስለሆነ፣ 'ሀ' + 1 የሚለው ስሌት በጃቫ «ሀ1»ን ሳይሆን 4609ን ይሰጣል፤ ይህን ቁጥር መልሰን ወደ ፊደል ስንቀይረው «ሁ» ይወጣል። ተማሪ በገዛ ፊደሉ ሞክሮ ሊያየው የሚችል፣ የ+ን ሦስት መልክ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ማካፈልም ከዚህ አይለይም። የ85 እና የ90 አማካይ (85 + 90) / 2 ተብሎ በጃቫ ቢጻፍ 87 እንጂ 87.5 አይወጣም፤ በሁለቱም ወገን ያለው ኢንተጀር (ሙሉ ቁጥር) ስለሆነ ክፍልፋዩ ተቆርጦ ይቀራል። ፓይተን የተባለው ቋንቋም ቀድሞ እንዲሁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ግን / ክፍልፋዩን እንዲጠብቅ፣ // ደግሞ ወደ ታች እንዲያጠጋጋ አድርጎ ሁለቱን ለያቸው። ከዜሮ በታች ባሉ ቁጥሮች ላይ ቋንቋዎቹ ጭራሽ ይለያያሉ፦ -7 ለ2 ሲካፈል በጃቫ -3 ነው፣ በፓይተን // ግን -4 ነው፤ % የሚሰጠውም ቀሪ በጃቫ -1፣ በፓይተን 1 ይሆናል።

ከሁሉ ይበልጥ ተማሪን የሚያንገላታው ግን == ነው። ሠንጠረዡ «እኩልነትን ይፈትሻል» ሲል ለቁጥሮች ትክክል ነው፤ ለኦብጀክቶች ግን == በጃቫ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «እነዚህ ሁለት ስሞች በሜሞሪ ውስጥ ያለን አንድና ያንኑ ኦብጀክት ያመለክታሉ ወይ?» ነው የሚለው። ስትሪንግ ኦብጀክት ስለሆነ፣ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ለማወዳደር ኢኳልስ የተባለው ሜተድ (በክላሱ ውስጥ የተጻፈ፣ በስሙ የሚጠራ ሥራ) ያስፈልጋል። ተንኮሉ ያለው ተማሪው ክፍል ውስጥ በሚሞክረው ምሳሌ ላይ ነው። በኮዱ ውስጥ ሁለት ቦታ «አበበ» ብሎ ቢጽፍና በ== ቢያወዳድራቸው መልሱ «እውነት» ይሆንለታል፤ ጃቫ በኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፉ ተመሳሳይ ስትሪንጎችን በአንድ ኦብጀክት ስለሚያስቀምጣቸው ነው። ያንኑ ፕሮግራም ስሙን ከኪቦርድ እንዲቀበል አድርጎ ሲያስኬደው «ሐሰት» ይለዋል፤ ፊደሎቹ አንድ ሆነው ሳለ። በቁጥርም ቢሆን፣ ኢንተጀሩ በኦብጀክት ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፦ ጃቫ ከ-128 እስከ 127 ያሉትን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ስለሚጋራቸው ሁለት 127ቶች በ== እኩል ሲሆኑ፣ ሁለት 128ቶች በተለመደው አሠራር እኩል አይሆኑም። ይህን ያየ ተማሪ ኮምፒዩተሩ የተበላሸ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ማንም ስለ ኦብጀክት ማንነት ሳይነግረው ስለ እኩልነት ፈተና ሰጥቶታልና።

ቋንቋዎቹም በዚህ ጉዳይ አይስማሙም። የአንድሮይድ መተግበሪያ ለመሥራት ዛሬ በሰፊው የሚያገለግለው ኮትሊን == ሲጻፍለት ራሱ ኢኳልስን ይጠራል፤ የኦብጀክት ማንነትን ለመጠየቅ === አለው። ፓይተንም ለይዘት ==፣ ለማንነት ደግሞ «ኢዝ» የሚለውን ቃል ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ2024 በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ የአንድሮይድ ልማት እንደመሆኑ፣ በዩኒቨርሲቲ ጃቫን ተምሮ በሥልጠናው ኮትሊንን የሚያገኝ ወጣት አንዱን ምልክት በሁለት ትርጉም ያገኘዋል። ምልክቱን ብቻ የሸመደደ ግራ ይጋባል፤ ከምልክቱ ጀርባ ያለውን ጥያቄ የተረዳ ግን ያለ ችግር ይሻገራል።

ነገሩ ወደ እኛ አገር ሥራ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ገጽ አለው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ለኢኳልስ ግን ሁለት ናቸው፣ ምክንያቱም ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ በዩኒኮድ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ስለዚህ በአማርኛ ስም የሚፈልግ ማንኛውም መዝገብ «ሁለት ስሞች እኩል ናቸው» የሚባለው መቼ እንደሆነ የሚወስን ሰው ያስፈልገዋል፤ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መልክ አምጥቶ የሚያወዳድር የራሱ ሜተድ ያለው ክላስ መጻፍ ይቻላል። እኩልነት ከቋንቋው ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነገር ሳይሆን የክላሱ ጸሐፊ የሚሰጠው ፍርድ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ ከየትም ፈልገን አናመጣም፤ ሆኖም በማስተማሪያ ጽሑፎቻችን ውስጥ እምብዛም አይታይም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ፕሮግራመሩ ለራሱ ክላስ ኦፕሬተርን መተርጎም ይችላል ወይ የሚለው ነው። ብያርን ስትራውስትሩፕ የፈጠረው የሲ ፕላስ ፕላስ (C++) ቋንቋ ይፈቅዳል፤ ስሙ ራሱ ከሲ ቋንቋ የ++ ኦፕሬተር የተወሰደ ነው። ጄምስ ጎስሊንግ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ የቀረበው ጃቫ ግን ይከለክላል፤ ጎስሊንግ በሲ ፕላስ ፕላስ ይህ ነጻነት ሲባክን አይቶ ሆን ብሎ ነው የተወው። ለስትሪንግ + የተፈቀደው ቋንቋው ራሱ በሰጠው የተለየ መብት ነው። የጃቫ ውሳኔ ለጥንቃቄ የቀረበ ቢሆንም በእኔ እምነት ዋጋ አስከፍሏል። የገንዘብ ስሌትን ተመልከቱ፦ 0.1 ብርና 0.2 ብርን በተለመደው የነጥብ ቁጥር ብንደምር ውጤቱ 0.30000000000000004 ይሆናል፣ ምክንያቱም እነዚህን ክፍልፋዮች ኮምፒዩተሩ በሁለት መሠረት ልክ አድርጎ ሊጽፋቸው አይችልም። ይህን ለማስወገድ ጃቫ ቢግ ዴሲማል የተባለ ክላስ አለው፤ ነገር ግን በእርሱ ላይ + እና * መጻፍ ስለማይቻል ቀላል የወለድ ቀመር እንኳ በሜተድ ጥሪ ተጠላልፎ ለማንበብ የሚያስቸግር ይሆናል። በኮትሊን ወይም በፓይተን ግን «ገንዘብ» የሚል ክላስ አበጅቶ ብር ከብር ሲደመር በሳንቲም እንዲያሰላ፣ ብር ከዶላር ጋር + ሲጻፍ ግን «አይሆንም» ብሎ እንዲመልስ ማድረግ ይቻላል። ተማሪው ይህን ክላስ አንዴ በእጁ ከጻፈ፣ + ለካ ሌላ ስም የወጣለት ሜተድ እንደሆነ ይገባዋል። ስሞልቶክ የተባለው ቋንቋ ይህንን ሐሳብ እስከ ጥግ ወስዶታል፤ በእርሱ ዘንድ + እና * ለቁጥሩ የሚላኩ መልእክቶች ብቻ ስለሆኑ አንዱ ከሌላው አይቀድምም፣ 3 + 4 * 2 ተብሎ ሲጻፍም መልሱ 11 ሳይሆን 14 ነው።

የዓይነት ጉዳይ ከስህተትም ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 በሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) የኮድ ቅጂ ውስጥ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው አንዲት መስመር ሰርጎ አስገብቶ ነበር፤ የተጠቃሚውን መለያ ቁጥር ከዜሮ ጋር በ== የምታወዳድር የምትመስል፣ በ= ግን ዜሮን የምትሰጥ፣ ማለትም ተጠቃሚውን የማሽኑ ሙሉ አዛዥ የምታደርግ መስመር ነበረች። ደግነቱ ዋናው ኮድ ጋር ሳትደርስ ተነቃባት። ሲ ይህን የሚቀበለው ማንኛውንም ቁጥር እንደ እውነት ወይም ሐሰት ስለሚያይ ነው። ጃቫ ግን በ«ኢፍ» (ቅድመ ሁኔታን በሚፈትሸው ትእዛዝ) ውስጥ ኢንተጀር ሲያገኝ ኮዱን ወደ ማሽን የሚተረጉመው ኮምፓይለር አላሳልፍም ይላል፤ ሁለቱ ወገኖች ራሳቸው የእውነትና ሐሰት ዓይነት ከሆኑ ብቻ ነው ስህተቱ ሊያመልጠው የሚችለው።

በመጨረሻ ስለ ፈተናዎቻችን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። «ሀ 5 ቢሆን ሀ++ + ++ሀ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ የማይቀር እንግዳ ሆኗል፤ ++ በአንድ ይጨምራል፣ ከኋላ ሲጻፍ ከመጨመሩ በፊት፣ ከፊት ሲጻፍ ከጨመረ በኋላ ያለውን ዋጋ ይሰጣል። (የግዕዝ ፊደልን በቫርያብል (ዋጋ በሚያዝበት) ስምነት መጠቀሜ ለቀልድ አይደለም፤ ጃቫ ይቀበለዋል።) በጃቫ ስሌቱ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሄድ በሕግ ስለተደነገገ መልሱ 5 + 7፣ ማለትም 12 ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ ግን የቋንቋው ደንብ ለዚህ ዓይነቱ አጻጻፍ ምንም ውጤት አይደነግግም፤ ኮምፓይለሩ ያሻውን ቢሰጥ አልተሳሳተም። ስለዚህ በሲ ፕላስ ፕላስ ትምህርት ይህን ጠይቆ 12 ያለውን ማሳለፍ፣ ሌላ ያለውን መጣል፣ መልስ በሌለው ጥያቄ ነጥብ ማደል ነው። መልስ ባለበት በጃቫም ቢሆን እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ባለሙያ የሥራ ባልደረቦቹ ኮዱን ይመልሱበታል። በምትኩ ሁለት ስትሪንጎች ተሰጥተው == ለምን ሐሰት እንዳለ እንዲያብራሩ፣ ወይም ኦብጀክቱ ነል (ምንም የማያመለክት ባዶ ስም) መሆን አለመሆኑን የሚፈትሸው ክፍል ለምን ከ&& («እና» ከሚለው ኦፕሬተር፣ ግራው ሐሰት ከሆነ ቀኙን ከማያየው) በግራ መቀመጥ እንዳለበትና && ሁለቱንም ወገን በሚያየው በ& ቢተካ ፕሮግራሙ ለምን እንደሚወድቅ እንዲያስረዱ ቢጠየቁ፣ ፈተናው የሚለካው መረዳታቸውን ይሆናል።

ዓምዳችሁ ለዚህ ትምህርት ተከታይ ክፍል ካሰበለት ሌላ ሠንጠረዥ ከማውጣት ይልቅ ከ== ቢጀምር፣ አንባቢው ስሙን ከኪቦርድ አስገብቶ እንዲሞክርና ባየው ውጤት ላይ ተመርኩዞ ስለ ኦብጀክት ማንነት እንዲያነብ ቢያደርግ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፕሮግራሚንግ መምህር፣ አዲስ አበባ